የአማረች ግማሽ መዝሙር

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ፣ ጋሽ ሸምሱ በሚባሉ ሰው ሙዚቃ ቤት ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት አልጣለም፤ አዝዬው ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ቆመው እኔንም ልጁንም አዩ።

«ያለቅሳል?» አሉኝ።

«ሲርበው።»

«እንግዲያው እንዳይርበው። ይህ ሥራ ጸጥታ ይፈልጋል።»

አንገቴ ላይ ማተብ አለመኖሩንም አዩ። «ጴንጤ ነሽ?»

«አዎ።»

«እዚህ ቤት መንዙማ ይቀዳል፣ ዘፈን ይቀዳል፣ የእናንተም መዝሙር ይቀዳል። እጅሽ አይመርጥም። የጆሮሽን ነገር አንቺና ፈጣሪሽ ተነጋገሩበት።»

ፈጣሪዬን ጠየቅሁት። ሥራው ተከፍቶልኝ ነበርና ገባሁ። ስለዚያ በር እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ማጽዳት ነበር። ጥጥ በክብሪት እንጨት ላይ ይጠመጠማል፣ ስፒሪት ይነከራል፣ የዴኩ፣ የካሴት ማጫወቻና መቅጃው፣ ሄድ ይጠረጋል። ሄድ ማለት ካሴቱ ሲዞር ድምፁን የሚያነበው ትንሹ ብረት ነው። ቆሻሻ ከያዘ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ክሩን የምትስበው ጎማ ትጸዳለች። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ ጠረግሁ።

ከሰዓት በኋላ የተጠላለፈ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ መጠቅለል ተማርኩ። በማግስቱ የተበጠሰ ክር መቀጠል አሳዩኝ። ሁለቱ ጫፎች በምላጭ በሰያፍ ይቆረጣሉ፣ ይገጠማሉ፣ ከጀርባ በኩል ስኮች ይለጠፋል። ከፊት ከተለጠፈ ሄዱን ያበላሻል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ካሴት አምጥቶ «ዘፈን ቅዱበት» አለ። ልቀዳ ስል ጋሽ ሸምሱ እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሚው።»

«ሁለቱንም ፊት?»

«ሁለቱንም። የሚዞረው ጸጥታ ቢሆንም ስሚው። እዚህ አገር ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው በካሴት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ጊዜ ስልክ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ልጆቹ አዲስ አበባ ለንግድ ይሄዳሉ፤ ከእናትና አባት ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ቴፑ ፊት ተቀምጠው ያወራሉ፤ ካሴቱ በመኪና ይላካል። ባዶ ካሴት ከሌለ ቤት ያለው መዝሙር ወይም ዘፈን ላይ ይቀዳል። ወሬው ባለቀበት ቦታ የድሮው መዝሙር ከመሀል ይቀጥላል። እስከ መጨረሻው ያልሰማ ቀጂ የሰው እናት ያጠፋል።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ለጥገና የመጣ ደብዳቤ አይቀዳም፣ አይወራም። «የሰው ቤት ገብተሽ እንደ ወጣሽ ቁጠሪው» ይሉኝ ነበር።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጠዋት ጠዋት ዴኩ ላይ እጄን ጭኜ እጸልይ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ አዩኝ።

«ሞተሩንም ጨምሪልኝ» አሉ፤ «ሰሞኑን ያስነጥሰዋል።»

ሳቅኩ። ሞተሩንም ጨመርኩላቸው።

አማረችን የማውቃት ቡታጅራ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራን መካከል ነው። እኔ ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ። እሷ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ታወጣለች፤ ራሷ ትዘምራለች። የዜማ መሣሪያ አታውቅም። ዜማ ሲመጣላት ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች ትይዘዋለች። ከኪቦርድ ጋር ስትዘምር እንኳ እጇ ከጉልበቷ አይነሳም።

የመጀመሪያ ካሴቷ አዲስ አበባ ተቀርጾ ሲወጣ ጋሽ ሸምሱ የሱቁን ድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ አዞሩላት። ገበያ ቀን ነበር። አህያ የሚነዱ ሰዎች ቆመው ሰሙ።

«ይቺ ልጅሽ» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ፣ «የኔን ደንበኞች ጴንጤ እንዳታደርግብኝ።»

«ከፈሩ ያጥፉት።»

«ኧረ ልስማ።»

ሁለተኛ ካሴትም አወጣች። ከዚያ ውጪ ያልወጡ ብዙ መዝሙሮች ነበሯት። በሰርግ፣ በጸሎት ቤት፣ በኮንፈረንስ ትዘምራቸዋለች፤ ቴፕ ያለው ይቀዳል፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ።

አንድ ዓመት ጉንችሬ ከተማ ትልቅ ኮንፈረንስ ተደረገ። ሰው ከየአቅጣጫው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። እኔ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስለነበር ቀረሁ። አማረች እዚያ አንድ አዲስ መዝሙር ዘመረች። ማድጋ ይዛ ምንጭ ስለወረደች ሴት ነው።

ማድጋዬን ይዤ ወርጄ ነበረ፣
ምንጩ ደርቆ አየሁ፣ ልቤም ተሰበረ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቴፕ የተቀዳው ካሴት እኛ ሱቅ መጣ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ አዝማቹ ሲደገም ካሴቱ ጠቅ ብሎ ቆመ። ክሩ አልቋል። ገልብጬ ስሰማ በሌላኛው ፊት ስብከት ነው። የቀዳው ሰው ካሴቱን የገለበጠው መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ኖሯል።

ያ ግማሽ መዝሙር በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ። ሰው የሚያውቀው የደረቀውን ምንጭ ብቻ ሆነ። ለቅሶ ቤት ይዘመር ጀመር። ሌሎች ዘማሪዎችም ያንኑ ግማሽ እየወሰዱ፣ እያረዘሙና እያሳዘኑ በየካሴታቸው አወጡት።

ከዚያ በኋላ በመስቀል ሰሞን፣ ነጋዴው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ፣ አንድ ወጣት የተበጠሰ ካሴት ይዞ መጣ። መርካቶ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ወደ አገሩ፣ ወደ ማረቆዋ ቆሼ ከተማ እየሄደ ነው። ታምሬ ይባላል።

«የእናቴ ድምፅ ነው» አለኝ። «ቴፑ በላብኝ። ሞታለች፤ ሌላ የለኝም።»

ጋሽ ሸምሱ ወንበር ሰጡት። እኔ ምላጩን በአዲስ ቀየርኩ። በውስጤ እየጸለይኩ ቆረጥኩ፤ ገጠምኩ። ከዚያ እንደ ሕጋችን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

እናቱ በአማርኛና በአገሯ ቋንቋ እየቀላቀለች ስለ ፍየሏ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ ታወራለች። እግሯን እንደሚያማት ትናገርና «አታስብ» ትላለች። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ላቁም። ከዚህ በኋላ ያለችውን መዝሙር አላጠፋትም። ጉንችሬ ሄጄ በራሴ ቴፕ የቀዳኋት ናት። አንተም ስማት።»

ጠቅ አለ። የአማረች ድምፅ መጣ። ያልሰማሁት ሁለተኛ ክፍል ነበር። ቀስ ብሎ የጀመረው ወደ እልልታ ያድጋል። ደስ አለኝ፤ ግን የሰው ደብዳቤ ነውና አልቀዳሁትም። አማረች አለች፣ ድምፅዋ አለ፣ ነገ ራሷ ትዘምረዋለች ብዬ አሰብኩ።

ታምሬ ካሴቱን እደረቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሄደ። በዓሉ አልፎ ሲመለስ የማረቆ በርበሬ አመጣልኝ። ቤቱን አንድ ወር አስነጠሰው።

ባለቤቴ ወደ ወልቂጤ ሲዛወር ከጋሽ ሸምሱ ጋር ተለያየን። አንድ ዴካቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሞተሩ ላይ ጸልየሽበታል፤ ካንቺ ጋር ይሂድ» አሉ። ወልቂጤ፣ ከመኪና መናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ የራሴን ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። ልጆቼ ከባንኮኒው ሥር አደጉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተማሩ።

አማረችም አግብታ ወልቂጤ መጣች። እዚያም ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን። ልብስ ትሰፋ ነበር።

አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት። መጀመሪያ በሻሽ ሸፈነችው፤ ከዚያ መተንፈስ አስቸገራት። ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ሊሆን የሚችለውን ቀድሞ ነግሯታል። እጢው የድምፅዋን ጅማት ይዞት ነበር። ሕይወቷ ተረፈ፤ ድምፅዋ ሄደ። የቀራት ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሻካራ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ ሲዘምር አፏን አትከፍትም። ቤቷ ውስጥ ቴፕ አልነበረም። ሱቄ ስትመጣ የሷ መዝሙር ተከፍቶ ከሆነ እኔ አጠፋዋለሁ፤ እሷም ያጠፋሁት እንዳልገባት ትሆናለች። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ካሴት እየቀረ ሲዲ መጣ፤ ሲዲም ሳይቆይ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ ወልቂጤ በባጃጅና በወጣት ሞላች። ዮናስ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ከሱቄ ጀርባ ያለውን ክፍል በእንቁላል ካርቶን ለብጦ ስቱዲዮ አደረገው። አብረን መሥራት ጀመርን። እሱ ኮምፒውተሩን ይይዛል፤ እኔ ከካሴት የሚመጣውን አዘጋጃለሁ።

አንድ ቀን ዮናስ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«ማዘር፣ የእህት አማረችን ያልወጡ መዝሙሮች ሰብስበን አልበም ብናደርገውስ? ግማሹ በየቤቱ የተቀዳው። ጥቂቱ ሪሚክስ። የቀረው ደግሞ ሌሎች የዘመሩላት፣ እነሱን አስፈቅደን።»

የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች አማከርን። አንደኛው አባት ሪሚክስ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ዮናስ ከአሮጌው መዝሙር ሥር ከበሮና ቤዝ አግብቶ አሰማቸው።

«እኔ በዚህ ፍጥነት ላጨበጭብ አልችልም» አሉ። «ጉልበቴ ሳይሆን እጄ ይደክማል።»

«እሺ አባባ፣ በእርስዎ እጅ ልክ አደርገዋለሁ።»

አደረገውም። እየመጡ ያጨበጭቡለታል፤ እሱ ያስተካክላል። ሪሚክሶቹ ሁሉ በእኚያ አባት እጅ ልክ ናቸው። አሮጊቶች ሁሉ ተመቻቸው።

የቀረው አማረችን መጠየቅ ነበር። ቤቷ ሄድኩ። ሲንጀሯ ላይ የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለች። ነገርኳት። እግሯ ከፔዳሉ ላይ ቆመ።

«አልማዝ፣ እኔ ሞቻለሁ?» አለችኝ በዚያ ሻካራ ድምፅ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ለሞተ ሰው ነው እንዲህ የሚሰበሰበው።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀጠለች።

«የጉንችሬውንም ልታወጡት ነው አይደል? ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው።»

«አዎ፣ ተጠይቀናል።»

«ያ መዝሙር የምስጋና ነበር። የለቅሶ አደረጉት። ባለፈው ጎረቤቴ ስትሞት ዘመሩት፤ እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ። ምንጩ ደርቆ ይቀራል። እኔ እዚያ ላይ አልተውኩትም እኮ።»

«ሁለተኛውን ክፍል ለምን አትነግሪንም? ሌላ ሰው ይዘምረዋል።»

«አላውቀውማ። እዚያው መድረክ ላይ ቆሜ ነው የመጣልኝ። ስወርድ ጠፋኝ። ስንት ጊዜ ጉልበቴን መትቼ ፈለግሁት፤ አልመጣም።» ጨርቁን አገላበጠችው። «እሱ ከተገኘ አውጡ። ሁሉንም አውጡ። ካልተገኘ እንደ ሞትኩ ቁጠሩኝና ተዉኝ።»

እየሄድኩ የቆሼው ካሴት ትዝ አለኝ። ቃሉን ላስታውስ ሞከርኩ። ደጅ የሚል ነገር እንዳለበት ብቻ ነው የያዝኩት። መንገድ ላይ ቆሜ ጌታን አመሰገንኩ። ገና ምንም አላገኘሁም፤ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

ካሴቱ ግን የታምሬ ነው። ታምሬ ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም።

ቡታጅራ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ለልጃቸው ትተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«አልማዜ! ያ ዴክ አለ?»

«አለ። አያስነጥሰውም።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ታምሬን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስሙን ሳይሆን በርበሬውን አስታወሱ። በልጃቸው ስልክ ወደ በርበሬ ተራ ደወሉ። ካንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ሲባል፣ ታምሬ ከመርካቶ ተመልሶ ቆሼ በርበሬ ነጋዴ እንደሆነ ተገኘ። ቁጥሩን ሰጡኝ፤ ደወልኩ።

«ካሴቱን ለመቀጠል ምላጭ የቀየሩት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አልረሳኝም። የፈለግሁትን ስነግረው ግን ድምፁ ተቀየረ።

«ካሴቱ ከቤት አይወጣም እህቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንዴ ተበጥሶብኛል።»

«አይወጣም። እኔ ዴኬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ቆሼ ድረስ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምሳ እኔ ጋ ነው።»

ዴኩን ጋሽ ሸምሱ በሰጡኝ በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ቆሼ በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ ጣራ ላይ ሊጭነው ሲል አልሰጥም አልኩት። «እናቴ፣ ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። ጭኔ ላይ አድርጌው ደረስኩ።

ታምሬ ፀጉሩ ሸብቷል። ግቢው በርበሬ ተሰጥቶበት ቀይ ነው። ካሴቱ በጥጥ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነበር። እጄን ታጠብኩ። የበርበሬ ብናኝ እንዳይገባ በርና መስኮት አስዘጋሁ። ሄዱን በስፒሪት ጠረግሁ። የድሮው ስኮቼ ደርቆ ሊለቅ ደርሷል። ሳላስኬድ በአዲስ ቀየርኩት።

«ማጫወት የተውኩት እንዳይበጠስ ፈርቼ ነው» አለኝ። «ልጆቼ አያታቸውን ሰምተው አያውቁም።»

«አሁን ይሰማሉ። ለእርስዎም ቅጂ አደርግልዎታለሁ፤ ዋናው እንዲያርፍ።»

ሚስቱንና ልጆቹን ጠራ። ደብዳቤውን በሙሉ ሰማን። ፍየሏ ስትመጣ ልጆቹ ሳቁ። እግሯን እንደሚያማት ስትናገር ታምሬ ወደ ግድግዳው ዞረ። «እዚህ ጋ ላቁም» አለች። ጠቅ አለ። አማረች መጣች።

ባዶ ማድጋዬን ይዤ ብመለስም፣
ከደጄ አገኘሁህ፣ ሳልጠራህ በስም።

ሙሉ ነበር፤ እልልታው ሳይቀር። ዴኩ ሁለት ካሴት ይይዛልና አንድ ቅጂ ለታምሬ፣ አንድ ለእኛ ቀዳሁ። ምሳ ሲቀርብ መብላት አቃተኝ። ታምሬ በርበሬው የበዛብኝ መስሎት ሚስቱን ተቆጣት።

ወልቂጤ ስመለስ አንድ ችግር ጠበቀን። የመጀመሪያው ክፍል በቤተ ክርስቲያኑ ካሴት አለን። ሁለተኛው በታምሬ እናት ካሴት ቅጂ አለን። ሁለቱም አንድ ቀን፣ አንድ መድረክ ላይ የተዘመሩ ናቸው፤ ግን አይገጥሙም። የአንዱ ድምፅ ቀጭን፣ የሌላው ወፍራም ነው። ያን ጊዜ የሚቀዳው በባትሪ ድንጋይ ወይም በጀነሬተር ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ቀስ ይላል፤ ቀስ ብሎ የቀዳ ቴፕ በደህና ዴክ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

«ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ ሊያደርግልን ይችላል» አለ ዮናስ። «ግን ማዘር፣ የቱን ወደ የቱ? ሁለቱም ተሳስተው ከሆነስ? ትክክለኛዋን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

ልክ ነበር። ግን እሷ ድምፅዋን ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው።

ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። ተገኝቷል አልኩ፤ ቃሉን ግን አልነገርኳትም። መጥታ ራሷ እንድትሰማው ፈለግሁ። መቀሷን አስቀምጣ ሻሿን አሰረች። ተከትላኝ ወጣች።

ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዮናስ ጆሮ ማዳመጫ ሊሰጣት ሲል እጇን አወዛወዘች። «ሁላችንም እንስማ» አለች።

ከሁለተኛው ክፍል ጀመርኩ። የታምሬ እናት ተናገረች፤ ጠቅ አለ፤ መዝሙሩ መጣ። አማረች ዓይኗን ጨፈነች። «ከደጄ አገኘሁህ» የሚለው ሲደርስ አፏን በእጇ ያዘች። ጨርሶ ሲቆም ዴኩን አጠፋሁ።

«እሱ ነው» አለች። «እንዴት ብዬ ነው የረሳሁት።»

ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ፊቷ ተለወጠ። ሥራ ላይ ያለች ሴት ሆነች።

«ግን ቀጥኗል። እኔ እንዲህ አልጮህም።»

ከዴኩ ሞተር ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ብሎን አለ። በቀጭን ካቻቢቴ ሲዞር ፍጥነቱ ይቀየራል። ክዳኑን ከፍቼ አዘጋጀሁ።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ቀንሺው። አሁንም ቀንሺ። ኧረ አሁን ወንድ አደረግሽኝ!»

ዮናስ ሳቀ። እሷም ሳቀች። መልሼ ትንሽ አዞርኩ። እሷ ጉልበቷን በመዳፏ መምታት ጀመረች። እጇ ፍጥነቱን ያውቀዋል። ከእጇ ጋር እስኪገጥም አዞርኩ። ግን ዜማውን ለመያዝ እጅ ብቻ አልበቃትም። ሳታስበው ከስር ማንጎራጎር ጀመረች። ሻካራ ነው፣ ይቆራረጣል፣ ግን ቦታው ላይ ነው። ካሴቱ ላይ ያለችው ወጣት ወደዚያ ድምፅ ቀረበች፣ ቀረበች፣ ገጠመች።

«እዚህ ጋ ተይው» አለችኝ።

ካቻቢቴውን አነሳሁ። ዮናስ ቀዳው። የመጀመሪያውንም ክፍል እንዲሁ እሷ እያንጎራጎረች አስተካከልነው። ሻይ ልጠራላት ስወጣ እንኳ ማንጎራጎሯን አልተወችም።

ሁለቱን ስንገጥም ዮናስ የታምሬ እናት የምትናገርበትን ሊቆርጥ ማውሱን ያዘ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው አማረች።

«መሀል ላይ ወሬ ገባ እኮ፤ ላውጣው ብዬ ነው።»

«ይቺን ሴት እንዳትነካት። መዝሙሬን አላጠፋትም ያለች እሷ ብቻ ናት። እኔስ ላጠፋት ነው?»

ወሬዋ ግን የታምሬ ነው። ደውዬ ጠየቅሁት። አሰበ፤ ከሚስቱ ጋር ሲመካከር ሰማሁ። ከዚያ «እናቴ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም» አለኝ። «አሁን ትናገር። ፍየሏን ግን አታውጧት፤ እሷ የቤት ናት።»

አልበሙ በመስቀል ሰሞን ወጣ። ያልወጡት መዝሙሮች፣ በእኚያ አባት እጅ ልክ የተሠሩት ሪሚክሶች፣ ሌሎች የዘመሩላት። መጨረሻ ላይ የጉንችሬው አለ። ምንጩ ይደርቃል። ከዚያ አንዲት እናት «ከዚህ በኋላ ያለችውን መዝሙር አላጠፋትም፤ አንተም ስማት» ትላለች። ከዚያ እልልታው ይመጣል። ለጋሽ ሸምሱ በሚሞሪ ካርድ ላክሁላቸው። በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝና «ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሩት አልኳቸው» አሉኝ።

ያን መዝሙር አሁን ሰርግ ላይም እሰማዋለሁ።

አማረች ዛሬም ከኋላ ወንበር ነው የምትቀመጠው። እኔም ከመዘምራን ወጥቼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ሰው ሲዘምር አፏን ትከፍታለች። ድምፅዋ ከጎኗ ካለው ሰው አያልፍም። ከጎኗ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሱቁን ለዮናስ ትቼለታለሁ። በዚህ ሥራ ላሉትና ለሚመጡት የምለው አንድ ነገር ነው። የሰው ካሴት፣ ፍላሽም ይሁን ሌላ፣ እጃችሁ ሲገባ ከመቅዳታችሁና ከማጥፋታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙት።